መቅደድ ወይስ መጠበቅ

ስልኩ ሲጮህ አበባ የአንዱን ሕፃን አፍንጫ እየጠረገች ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ የአንዲት አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። የደወለው የማታውቀው ቁጥር ነው። የማታውቀው ቁጥር ሁልጊዜ ያስደነግጣታል፤ ባሏ እስራኤል የአይሱዙ ሾፌር ስለሆነ፣ ከቤት በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው።

«የእስራኤል ባለቤት ነሽ?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

«ነኝ። ምን ሆነ?»

«አይዞሽ፣ በሕይወት አለ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን በቅጡ አልሰማችም። በሕይወት አለ የሚባለው ሌላ የሚነገር ደህና ነገር ሲጠፋ መሆኑን ታውቃለች። መኪናው በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት መታጠፊያ ላይ ከገደሉ ግንብ ጋር ተላትሞ በጎኑ ወድቋል፤ መንገደኞች እስራኤልን ጎትተው አውጥተው ወደ ደሴ ወስደውታል። ሕፃናቱን ለጓደኛዋ ትታ፣ በለበሰችው ስስ ቀሚስ እንዳለች ወጥታ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ሐረጎን እየወጡ ሳለ ሚኒባሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ሰማያዊው አይሱዙ ጎማዎቹን ወደ መንገዱ አዙሮ በጎኑ ተኝቷል፤ የሾፌሩ ወገን ጋቢና እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ተጨማዷል።

«ሾፌሩማ አይተርፍም» አለ ከኋላዋ የተቀመጠው ሰውዬ።

«የት ይተርፋል!» አለች ሌላዋ፣ ከንፈሯን መጥጣ።

አበባ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች። ባሌ ነው ብትል ሰዎቹ ያጽናኗታል፤ ካጽናኗት ደግሞ ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ሞቷል ማለት ይመስላታል።

ደሴ ስትደርስ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ከኮምቦልቻ ሙቀት የወጣ ገላዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከብርዱ ይሁን ከድንጋጤው አልለየችውም። ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እስራኤልን ስታገኘው ፈገግ አለላት።

«አቢ፣ ማን ነገረሽ? ምንም አልሆንኩም እኮ። መሪው ሆዴን መታኝ፣ በቃ።»

ከንፈሩ አመድ መስሏል። እጁን ስትይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ግዙፍ ሐኪም እጅጌውን ሰብስቦ እየተጣደፈ ገባ። ዶክተር መኳንንት ይባላል፤ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሲናገር ፊቱ ወደ ሰው፣ እግሩ ግን ወደ በሩ የሆነ ሰው ነው። የአልትራሳውንዱን ማሽን ራሱ ገፍቶ አመጣ፤ እስራኤል ሆድ ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረገና ጨረሰ።

«ሆዱ ውስጥ ደም አለ። ጣፊያው ተቀዷል» አላት። «እንከፍተዋለን፣ ጣፊያውን እናወጣለን፣ አለቀ።»

«ሰው ያለ ጣፊያ ይኖራል?»

«ይኖራል እንጂ። ሳይኖር የሚቀረው ደሙ ሲያልቅ ነው። ነይ ፈርሚ።»

ፈረመች። ስሟን ስትጽፍ የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጣ። እስራኤል ግን ደስ ያለው ይመስላል። «ይኼ ሰውዬ ይመቸኛል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መወላወል የለም።»

አልጋውን ሊገፉት ሲሉ በውጭ በኩል ጩኸት ሆነ። ደረቱን በጩቤ የተወጋ ሰው በቃሬዛ ገባ። ዶክተር መኳንንት አንዴ ቁስሉን አይቶ፣ «ይኼ ይቀድማል!» ብሎ ከቃሬዛው ጋር ሮጠ። ነጻ የነበረውም የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነበር። እስራኤል ባለበት ቀረ።

እሱን ለማየት የመጣችው ሌላ ቀዶ ሐኪም ናት። ዶክተር ጽናት ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ድምፅዋ የማይሰማ ወጣት ሴት ናት። መኳንንት ያስተማራት እንደሆነ በኋላ ነው አበባ የሰማችው። ጽናት መዳፏን እስራኤል ሆድ ላይ አስቀምጣ ቆየች፤ እንደምታዳምጥ እንጂ እንደምትመረምር አትመስልም። ግፊቱን ደጋግማ አስለካች። ደም እንዲሰጠው አደረገች። ከዚያ ሲቲ ስካን አስነስታ፣ ፎቶውን ብርሃኑ ላይ አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ አበባን ወደ ጎን ጠራቻት።

«ጣፊያው ተሰንጥቋል፤ እውነት ነው። ግን ደሙ የቆመ ይመስላል። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። ጣፊያ የሌለው ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። እኔ ባንቀደው እመርጣለሁ። እንጠብቅ።»

አበባ ደረቷ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ላላ ያለ መሰላት። ቢላ የለም! ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት።

«ደሙ ባይቆምስ፣ ዶክተር?»

ጽናት መነጽሯን አወለቀች፤ ጠረገችው። «ካልቆመ፣ በድንገት ነው የሚሆነው።»

ምሳ ሰዓት አካባቢ ዶክተር መኳንንት ተመለሰ። የተወጋው ሰው ተርፎ ፊቱ በርቷል። እስራኤልን እዚያው አልጋ ላይ ሲያየው ግን ግንባሩ ተቋጠረ።

«ይኼ ልጅ ገና እዚህ ነው እንዴ?»

«ቆሟል፣ ዶክተር» አለች ጽናት። «ግፊቱ ጥሩ ነው። ሲቲውን ላሳይዎት?»

«ሲቲው ሆድ ውስጥ አይገባም፤ እኔ ነኝ የምገባው። ቆሟል ትያለሽ፤ ሰው በሌለበት ሰዓት ሲፈነዳ ማን ሊደርስለት ነው?»

«እኔ እደርሳለሁ። ከዚህ አልሄድም።»

መኳንንት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያለው ድምፁ ግን ከሌላው ሰው ጩኸት አያንስም። «ስሚኝ ጽናት። ከዚያች ልጅ ወዲህ ቢላ መያዝ ፈርተሻል። ሁላችንም እያየነው ነው።»

የጽናት ጉንጭ ቀላ። ለቅጽበት አበባ ሐኪሟ የምታለቅስ መሰላት። አላለቀሰችም።

«እርስዎ ደግሞ መቀመጥ አይችሉም» አለችው። «ያልተከፈተ ሆድ ካዩ ዕረፍት የለዎትም። ይኼንንም ሁላችንም እናየዋለን።»

መኳንንት ወደ አበባ ዞሮ፣ «ጠዋት ፈርመሻል። አሁንም ምርጫው የእናንተ ነው፤ ተመካክራችሁ ንገሩኝ» አለና ሌላ በሽተኛ ሊያይ ሄደ።

እስራኤል አልተመካከረም። «ይቅደደኝና ልገላገል፣ አቢ። እኔ ተኝቶ መጠበቅ አልችልም።»

አበባ ባሏን አየችው። ሐረጎን ሲወርድ እንዴት እንደሚነዳ ታውቃለች። ከፊቱ የጭነት መኪና ሲያዘግም ጥፍሩን ይበላል፤ መታጠፊያውን ሳያይ ይቀድማል፤ አብራው ስትሄድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው። እስራኤል የወደደው የሐኪሙን እውቀት አይደለም፤ ያንኑ ችኮላውን ነው። «እኔስ?» አለች በልቧ። እሷ ቢላ ስለፈራች አይደል ቀጭኗን ሐኪም የወደደቻት? ለልጅ ክትባት እንኳ ፊቷን የምታዞር ሴት፣ እንጠብቅ የሚላትን ሰው ባትመርጥ ነበር የሚገርመው። እሱ ራሱን የሚመስለውን መረጠ፤ እሷ ራሷን የምትመስላትን። ሁለቱ ሐኪሞችም እንደዚያው በየጠባያቸው ቆመዋል። ጣፊያው ግን ከማንም ጋር አይመሳሰልም፤ ሆድ ውስጥ ለብቻው ወይ ይደማል ወይ አይደማም።

ይህን ስታስብ እስካሁን የነበረው ፍርሃት ፍርሃት እንዳልነበረ ገባት። እውነተኛው አሁን ነው የመጣው።

ወደ መተላለፊያው ወጣች። መጸለይ ፈለገች። «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ከማለት በቀር ቃል አልመጣላትም። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ደውለው በስልክ ጸለዩላት፤ እሷም አሜን አለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን ያው መተላለፊያ፣ ያው ብርድ ነው።

ዶክተር ጽናት ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ዳቦ ይዛለች፤ አልቆረሰችውም። አበባ ሳትጠየቅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ።»

«ይፈራሉ?»

ከታች አምቡላንስ ገባ፤ በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

«እፈራለሁ» አለች በመጨረሻ። «በቅርቡ አንዲት ልጅ እጄ ላይ ሞታለች። በትርፍ አንጀት ነበር የገባችው። ማንም ቢቀድዳት ትሞት ነበር ይሉኛል። እኔ ግን ቢላውን ስይዝ እሷ ትታየኛለች።»

«ታዲያ ለባሌ እንጠብቅ ያሉት ስለእሷ ነው?»

«አይመስለኝም። አይደለም ብዬ መማል ግን አልችልም። ስፈራ መጠበቅ ትክክል ሆኖ ይታየኛል። ዶክተር መኳንንት ደግሞ መጠበቅ ስለሚያስጨንቃቸው መቅደድ ትክክል ሆኖ ይታያቸዋል። የተማርነው ግን አንድ ነው፤ እንዲያውም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«እሺ፣ እርስዎ ልጅቷን ካዩ፣ እሳቸው ጭንቀታቸውን ካዩ» አለች አበባ፤ «ባሌን የሚያየው ማን ነው?»

ጽናት ዳቦውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። አበባ የተቆጣች መስሏት ደነገጠች። ሐኪሟ ግን ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባች፤ ተረኛዋን ነርስ ሲስተር ሚስጥርን ጠራቻት፤ አበባ እየሰማች እንዲህ አለቻት፦

«ይኼ ደም ካለቀ በኋላ ግፊቱ መልሶ ከዘጠና በታች ከወረደ መጀመሪያ ለእኔ አትደውዪ። መጀመሪያ ኦፕራሲዮን ክፍሉን አስነሺ፣ ሰመመን ሰጪውን ጥሪ፤ ከዚያ እኔን። መጥቼ ‹እስኪ እንደገና እንለካ› ካልኩሽ አትስሚኝ።»

ሚስጥር በመገረም አየቻት። «እሺ፣ ዶክተር።»

«ግፊቱ ካልወረደ ደግሞ ዶክተር መኳንንት ቢቆጡም፣ ቢጮኹም አይቀደድም። ለእሳቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።» ወደ አበባ ዞረች። «አንቺስ? በዚህ ትስማሚያለሽ?»

አበባ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እስራኤልም ብዙ ከተለመነ በኋላ፣ «እሺ፣ ግን ቶሎ ይለይለት» አለ። መኳንንት ሲነገረው ትከሻውን ሰብቆ፣ «እስኪ እናያለን» ብሎ ሄደ፤ ሆኖም ከሆስፒታሉ ግቢ እንዳልወጣ አበባ በመስኮት አይታዋለች። መኪናው አጠገብ ቆሞ ቁልፉን እያሽከረከረ ነበር።

መጠበቁ ተጀመረ። የግፊት መለኪያው የእስራኤልን ክንድ ይጨብጣል፤ «እስስ» ይላል፤ ይለቃል፤ ቁጥር ያሳያል። አበባ ቁጥሩን መተርጎም ባትችልም ከሲስተር ሚስጥር ፊት ማንበብ ተማረች። ፊቷ ሳይለወጥ ስትዞር አበባ ትተነፍሳለች፤ ቆም ስትል አበባም ትንፋሿ ይቆማል። የሚጨበጠው የባሏ ክንድ ሳይሆን የራሷ ልብ ሆነባት።

ከጎናቸው ባለው አልጋ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል፤ የሐሞት ጠጠር ነው ያስተኛቸው። የምታስታምማቸው ልጃቸው ጣይባ ናት። አበባ ስትንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ አወለቀችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

«አብሽሪ እህቴ» አለቻት። «አላህ ያሽርልሻል። ወላሂ፣ አባቴም ሲገባ እንደዚህ ነበር፤ ዛሬ ሾርባ ጠጣ።»

አበባ ጋቢውን ወደ ራሷ ሰብስባ ተጠቀለለችበት።

እስራኤል መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር። የመኪናውን ባለቤት እያነሣ፣ «ከእኔ ይልቅ ለጋቢናው ነው የሚያለቅሰው» ይላል። ቀስ በቀስ ቀልዱ አነሰ። ውኃ ጠማኝ አለ፤ አይሰጥህም ተባለ። ግራ ትከሻዬን ያመኛል አለ። አበባ አተኛኘቱ መስሏት ትራሱን አስተካከለችለት። ሚስጥር ግን ሆድ ውስጥ የሚፈስ ደም ትከሻን እንደሚያሳምም ስለምታውቅ፣ ትከሻ የሚለውን ቃል ስትሰማ ከሌላ አልጋ ዞር ብላ አየችው።

ግንባሩ ላብ አወጣ። በዚያ ብርድ!

መለኪያው ጨበጠ፤ «እስስ» አለ፤ ለቀቀ። ሚስጥር ቁጥሩን አይታ ቆመች። የመጨረሻው የደም ከረጢት ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ነርሷ ምንም ሳትናገር እየሮጠች ወጣች፤ በመተላለፊያው ውስጥ ድምፅዋ ተሰማ፦ «ኦፕራሲዮን ክፍል! አሁን!»

ጽናት ወዲያው ደረሰች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። እስራኤልን አየችው፤ መለኪያውን አየችው፤ እጇ ወደ ማሽኑ ተዘረጋ።

«እስኪ እንደገ...»

አቋረጠችው። እጇን መለሰችና ካፖርትዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጨርቁ ያሳብቅባታል።

«ዶክተር መኳንንትን ጥሩልኝ» አለች። «አብረውኝ ይግቡ።»

አልጋው ሲገፋ እስራኤል የአበባን እጅ አልለቅም አለ። በዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው ሰምታው የማታውቀውን ቃል ያን ጊዜ ሰማችው።

«አቢ፣ ፈራሁ።»

«እኔም» አለችው። ሌላ ምን ልትለው ትችላለች? በሩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ያሰበችውን በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት የፈረመችውን አሰበች፤ ጠዋት ተቀዶ ቢሆን ኖሮ አሁን ነቅቶ ይቀልድ ነበር ብላ ጽናትን ጠላቻት። ቀጥላ ጽናት እውነቷን ስለነገረቻት ወደደቻት። ደግሞ ራሷን ጠላች፤ ሐኪሟን ስለፍርሃቷ ጠይቃ ልቧን ያራደችው እሷ ብትሆንስ? ጣይባ አጠገቧ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች፤ አበባ በኢየሱስ ስም ትላለች፤ ሁለቱም ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር አበባ ትነሣለች፤ የሚወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ትቀመጣለች።

መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሐኪሞች አብረው ወጡ። መኳንንት ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዷል፤ ጽናት ግድግዳውን ተደገፈች።

«በሕይወት አለ» አለች ጽናት።

አበባ ያንን ቃል በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሰማችው። አላመነችውም። «ሌላስ?» አለች። «ሌላ ምን አለ?»

«ጣፊያው አልተረፈም። ሆዱ በደም ተሞልቶ ነበር። ዶክተር መኳንንት ናቸው እጃቸውን ሰድደው በአንድ ጊዜ የያዙት። እኔ ብሆን እዘገይ ነበር።»

መኳንንት እንደ ልማዱ የሚሄድ መሰለ፤ አልሄደም። የጫማውን አፍንጫ እያየ፣ «ጣፊያውን አውጥቼ ልዘጋ ነበር» አለ። «ደሙ ቆሟል፣ አለቀ ብዬ። እሷ ናት አይሆንም ያለችኝ። አንጀቱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች፤ እኔ እየተቆጣሁ። ታች ላይ ትንሽ ቀዳዳ አገኘች። ሰፍተነዋል።»

«ቀዳዳው ባይገኝስ?» አለች አበባ።

«ሲቲው ላይም አልታየም» አለች ጽናት በዝግታ። «ጣፊያው ባይደማ ኖሮ እየጠበቅን እንውል ነበር፤ ቀዳዳው ደግሞ ሆዱን ይመርዘው ነበር።»

አበባ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸው። «ጠዋት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮስ?»

መኳንንት አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ጠዋት ብቻውን፣ ቶሎ ከፍቶ ቶሎ ይዘጋ እንደነበር ሦስቱም ያወቁት መሰለ።

እስራኤል በማግሥቱ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ትኩሳት ያዘው፤ ሦስት ቀን አበባ እጇን ከግንባሩ አላነሣችም፤ የተሰፋው ቦታ ተፈትቶ ይሆን እያለች በየሰዓቱ የሲስተር ሚስጥርን ፊት ታነባለች። ትኩሳቱ ለቀቀው። መጀመሪያ የተናገረው ነገር ስለመኪናው ሳይሆን፣ «ሐኪሞቹ ታረቁ?» ነበር።

«አላውቅም» አለችው። «ሁለቱም ጠዋት ጠዋት አብረው ይመጣሉ። ይከራከራሉ።»

በዚያው ሳምንት ጣይባ አበባን ወደ ውጭ ጠራቻት። ዓይኗ አብጧል። የአባቷ ሕመም ተመልሶባቸዋል።

«ዶክተር መኳንንት ዛሬውኑ ይቀደዱ ይላሉ። ዶክተር ጽናት ደግሞ ልባቸው ደካማ ነው፣ ሰመመኑን አይችሉትም፣ በመድኃኒት እንጠብቅ ይላሉ። እኔ ምን አውቄ?» የአበባን ክንድ ያዘች። «አንቺ አይተሻቸዋል። ወላሂ፣ አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው። ለማን ልስጠው?»

አበባ መልስ ፈለገች። ባሏ ተርፎላታል፤ እና መልስ ሊኖራት የሚገባ መሰላት። ያገኘችው ግን ያንኑ ብርድ ብቻ ነው፤ የሽማግሌው ሐሞት እንደ እስራኤል ጣፊያ አይደለም፤ የሐኪሞቹም ዛሬ ከትናንት የተለየ ሊሆን ይችላል።

«አላውቅም፣ ጣይባ» አለች። «አልዋሽሽም። አንቺስ ራስሽ ወደ የትኛው ታደያለሽ?»

«ወደ መጠበቁ። ቢላ እፈራለሁ።»

«እንግዲያው እሱን ነገር ለይተሽ አስቀምጪው። የአንቺ ነው፤ የአባትሽ አይደለም።» አበባ ያንኑ የጣይባን ጋቢ አስተካክላ ለበሰች። «ነይ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ እናግኛቸው። ምን ቢያዩ ሐሳባቸውን እንደሚለውጡ እንጠይቃቸው።»

የጣይባን እጅ ይዛ በመተላለፊያው ሄደች። የሐኪሞቹ ክፍል በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የመኳንንት ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ዝም ያለበት ጊዜ ጽናት የምትናገርበት ነው። አበባ በሩን አንኳኳች።